የውሃ ልክ

ኳሷ ከቀዳዳው አራት ሜትር ያህል ርቃ ቆማለች። ማለዳ ነው፤ ጤዛው ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ፣ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ የጀመርኩትን ጨዋታ ልለማመድ ጎንበስ ብያለሁ። ከቀዳዳው ባሻገር፣ ከባሕር ዛፎቹ አናት በላይ፣ እንጦጦ ተጋድሞ ይታያል። መሬቱን አጠናሁት፤ ከእኔ ወደ ቀዳዳው በስሱ ይወርዳል። ስለዚህ ኳሷን ነካ ብቻ አደረግኋት። ግማሽ መንገድ እንኳ በቅጡ ሳትሄድ ቆመች።

ዱላዎቼን የያዘልኝ ልጅ፣ ካዲዬ፣ ሳቁን ዋጥ አደረገና፣

«ጋሼ፣ ቁልቁል ይመስላል እንጂ ሽቅብ ነው» አለኝ።

«ምኑ ነው ሽቅብ? ሲወርድ እያየሁት!»

«እንጦጦን እያዩ ስለሆነ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ሁሉም ነገር ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው።»

እሱ ይህን ሲል ፊቱን ወደ ደቡብ አላዞረም፣ በእጁም አላመለከተም። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ያለ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አቃቂ ከዚያ አይታይም። የማይታይ ቦታ ኳስ ሲጠራ፣ የሚታየው ተራራ ደግሞ ዓይኔን ሲያታልል፣ መሃል ላይ እኔ ነኝ የተሸወድኩት።

አነጋገሩ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ተራራ ባለበት የጎልፍ ሜዳ ሁሉ ካዲዎች የሚምሉበት አንድ አቅጣጫ አላቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓልም ስፕሪንግስ ዙሪያ፣ በበረሃው ሸለቆ በተዘረጉት ሜዳዎች ላይ፣ ኳስ ሁሉ ወደ ኢንዲዮ ከተማ ታዘነብላለች ይባላል። አንዱ ጋ «ከተራራው ትሸሻለች» ይላሉ፣ ሌላው ጋ «ውሃው ይጠራታል»። ሁለቱም አባባል ኳሷን ነፍስ ያላት አስመስሏታል። አንዱ ተራራውን የሚገፋ፣ ሌላው ሐይቁን የሚስብ ያደርገዋል። ታዲያ የትኛው ነው ልክ? ጥያቄውን ለመፈተሽ ተራራም ሐይቅም ባንድ ላይ የሚታዩበት ሜዳ ያስፈልገናል። እንዲህ ያለው ሜዳ ደግሞ ጎልፍ ተወልዶ ባደገበት አገር፣ በስኮትላንድ አለ።

«ሎክ» በስኮትላንዳውያን አፍ ሐይቅ ነው። ሎክ ሎሞንድ ከግላስጎው በስተሰሜን ምዕራብ፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 71 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ በብሪታንያ ደሴት ላይ በገጽታው ስፋት የሚተካከለው ሐይቅ የለም። ለእኛ ይህ ብዙም አያስደንቅም፤ ጣና ከአርባ ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ጥልቀቱ ግን ከ190 ሜትር ጋር ይጠጋል፤ በዚህ ደግሞ ጣና አጠገቡም አይደርስም። የቆፈረው በረዶ ነው። የመጨረሻው ግግር ከ12 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ከተራሮቹ ተንሸራቶ ወርዶ ሸለቆውን እንደ ማረሻ አረሰውና ቀለጠ። ያንን የመጨረሻ ቀዝቃዛ ዘመን የብሪታንያ የምድር ሳይንስ ሰዎች በዚሁ ሐይቅ ስም ይጠሩታል።

ከሐይቁ ምሥራቅ ዳር ቤን ሎሞንድ ቆሟል፤ ቁመቱ 974 ሜትር። አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከቤን ሎሞንድ ጫፍ በሁለት እጥፍ ከሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ሆኖም ቤን ሎሞንድን ከሥሩ ሆኖ ያየው ሰው ተራራ ማለት ይህ ነው ይላል፤ ምክንያቱም ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ አሥር ሜትር እንኳ አይሞላም። ተራራው ቁመቱን ሁሉ ሳይደብቅ ያሳያል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ እግሩን በከተማዋ ውስጥ ስለቀበረ ጉብታ ይመስላል። ዓይን የሚያየው ልዩነትን እንጂ መጠንን አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ ጥቂት ቆይተን እንፈልገዋለን።

የጎልፍ ሜዳው ያለው ከሐይቁ ምዕራብ ዳር፣ ሮስዱ በሚባለው ርስት ላይ ነው። ሮስዱ በጌሊክ ቋንቋ ወደ ውሃ የገባ ጥቁር መሬት ማለት ነው። የኮልሁን ጎሣ አለቆች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት ቦታ ነው። ስማቸውን ሲጽፉት «ኮልሁን» ይመስላል፣ ሲጠሩት ግን «ካሁን» ነው የሚሉት፤ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ «ካሁን ወዲያ» ሊላቸው ይችላል። አሁን የክለቡ ቤት የሆነው ትልቁ መኖሪያቸው የተሠራው በ1770ዎቹ መጀመሪያ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1773 እንግሊዛዊው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰንና ወዳጁ ቦዝዌል በስኮትላንድ ጉዟቸው እዚህ አርፈዋል። የድሮው ምሽግ ፍርስራሽ ዛሬም በ18ኛው ቀዳዳ አጠገብ ቆሟል።

ጎልፍ ተጫውቶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ሁለት ነገር ልበል። በገና ጨዋታ ሩሯን ሁሉም ይሻማታል፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ቅልጥም ይላጣል። ጎልፍም ዱላና ኳስ ነው፤ ግን ኳስህን የሚነካብህ የለም። ጠላትህ መሬቱ ነው። ኳሷን ከመነሻ እስከ ቀዳዳ በተቻለ መጠን ባነሰ ምት ታደርሳለህ፤ ይህን 18 ጊዜ ትደግማለህ። ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ድረስ የሚታጨደው ለስላሳ ክፍል «ግሪን» ይባላል። አንድ ጥሩ ተጫዋች በዙሩ ይመታል ተብሎ የሚጠበቀው ብዛት «ፓር» ነው፤ በሎክ ሎሞንድ 71። ፓር ሲሰላ ለእያንዳንዱ ግሪን ሁለት ምት ይታሰባል። 18 ሲባዛ በ2፣ 36። ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ከሚሆነው ሜዳ ላይ የጨዋታው ግማሽ የሚያልቀው በእነዚያ ትንንሽ ምንጣፎች ላይ፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ስትንከባለል ነው። የመሬቱን ዘንበል ማወቅ ግማሽ ጨዋታ ነው ማለት ነው።

በስኮትላንድ የጥንቱ ጎልፍ የተጀመረው በባሕር ዳር አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ለእርሻ አይረባም፣ ዛፍ የለውም፣ ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ነፋስ ያገላብጠዋል። የፓርክ ሜዳ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። ፓርክ መጀመሪያ ላይ ትርጉሙ የመኳንንት አጋዘን የሚከለልበት አጥር ነበር። ኋላ በ18ኛው መቶ ዘመን ባለጸጎቹ ሣሩን አስተካክለው፣ ዋርካ የሚያህሉ ዛፎችን እዚህም እዚያም ትተው፣ ከመስኮታቸው እስከ ሐይቁ ድረስ ዓይናቸውን የሚያዝናና ገጽታ አበጁበት። «ተፈጥሮ» የሚመስለው ነገር በትእዛዝ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ርስት ላይ ጎልፍ ሲዘረጋ ዕይታው አብሮ ይወረሳል። ዕይታው ግን ለዓይን ተብሎ የተሠራ እንጂ ለኳስ ተብሎ አይደለም። ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ሜዳውን የነደፉት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ቶም ዋይስኮፍና ጄይ ሞሪሽ። ዋይስኮፍ በ1973 እዚያው ስኮትላንድ ትሩን ላይ የብሪቲሽ ኦፕን ዋንጫን ያነሣ ታላቅ ተጫዋች ነበር። በ2022 እስኪሞት ድረስ በዚህ ሥራው ይኮራ ነበር፤ ይሁንና ሜዳው ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ግንባታው እየተካሄደ ሳለ አንድ ቀን ብቻውን ሲዘዋወር፣ ዛሬ 14ኛው ቀዳዳ ባለበት አካባቢ ረግረግ ውስጥ ገባ። ላዩ ሣር፣ ሥሩ ግን በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የበሰበሰ ተክል፣ ውሃ የጠጣ ጥቁር ጭቃ ነው። እስከ ደረቱ ሰጠመ። የሚሰማው ሰው አልነበረም፤ ከብዙ ትግል በኋላ እንደምንም ራሱን ጎትቶ አወጣ።

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ያሰብኩት ስለ ዋይስኮፍ ሳይሆን ስለ መሬቱ ነበር። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ አየር ከተራሮቹ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። የእኛ ክረምት መስከረም ሲጠባ ይሰናበታል፤ የእነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ነው። ያ ዝናብ ሁሉ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ከሜዳው ጀርባ በስተምዕራብ ያሉት ኮረብቶች ውሃውን ይለቁታል፣ ውሃው በሜዳው ውስጥ ያልፋል፣ ሐይቁ ይቀበለዋል። ነዳፊው ይህን መንገድ ካልጠበቀለት ሜዳው በአንድ ክረምት ተመልሶ ረግረግ ይሆናል። ዘመናዊ ግሪን ከላይ ሲያዩት ምንጣፍ ነው፤ ቢቆርጡት ግን እንደ ኬክ ድርብርብ ሆኖ ይገኛል። በብዛት በሚሠራበት የአሜሪካኖቹ መመዘኛ መሠረት ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋማ አፈር፣ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ በታች የውሃ መውረጃ ቱቦ። ይህም ሁሉ ተደርጎ ላዩ ዘንበል ካላለ ውሃ ይቋጥራል።

እንግዲህ የካዲዎቹ አባባል ግማሽ ምሥጢሩ እዚህ ጋ ነው። ግሪን የሚዘነብለው ውሃ እንዲወርድለት ነው፤ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው አካባቢው ሁሉ ወደሚወርድበት ነው። ነዳፊ ሲፈልግ አንዱን ጥግ ሊያነሣ፣ ሌላውን ሊያጎብጥ ይችላል፤ ጠቅላላው መሬት ግን ይረታል።

አሁን ሎክ ሎሞንድ ለምን ጥሩ መፈተኛ እንደሆነ እንይ። «ኳስ ከተራራ ትሸሻለች» የሚለው እውነት ቢሆን፣ እዚህ ከቤን ሎሞንድ መሸሽ ነበረባት። ቤን ሎሞንድ ግን ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው! መሬቱ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ወደ ተራራውም አቅጣጫ ነው የሚወርደው። ዓይንን የሚገዛው ታላቁ ተራራ ወደ አንድ በኩል ይጎትተናል፣ ውሃውን የሚልኩት ከጀርባችን ያሉት ያልተዘፈነላቸው ኮረብቶች ናቸው። «ከተራራው ትሸሻለች» የሚለው እንግዳ እዚህ ሲመጣ ይከስራል። «ውሃው ይጠራታል» የሚለው ያተርፋል።

ወደ ዓይን ጉዳይ ከመመለሴ በፊት ሜዳው የግል ስለመሆኑ ትንሽ ልበል፤ ሳልናገረው ባልፍ ይቆጨኛል። ክለቡ የአባላት ነው። በ2011 አባላቱ ራሳቸው ገዝተውታል፤ ማንም ተነሥቶ ከፍዬ ልጫወት ቢል በሩ አይከፈትለትም። የስኮትላንድ ኦፕን የሚባለው ውድድር እስከ 2010 ድረስ ለዓመታት እዚያ ሲካሄድ ሕዝብ ቲኬት ቆርጦ ይገባ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ነገር ግን በስኮትላንድ አንድ ደስ የሚል ሕግ አለ። በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተጓዘ ድረስ የሰው መሬት አቋርጦ የመሄድ መብት ይሰጠዋል። የጎልፍ ሜዳም ይጨመራል። ግሪኑን አትረግጥም፣ ጨዋታ አታደናቅፍም፣ ሣሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፈህ ሽርሽር አትልም፤ ማለፍ ግን ታልፋለህ። በገና ጨዋታ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑባት አገር ልጅ ስለሆንኩ ይመስለኛል ይህ ሕግ ልቤን የሚያሞቀው። በር ዘግተህ መጫወት ትችላለህ፤ ዕይታውን ግን በአጥር አታስረውም።

ወደ ዓይን እንመለስ። ከሎክ ሎሞንድ በስተደቡብ፣ ከኤር ከተማ አለፍ ብሎ በባሕሩ ዳርቻ በሚሄደው መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ ብሬይ የሚባል ቦታ አለ። ሾፌር መኪናውን አቁሞ ፍሬን ሲለቅ፣ መኪናው ዳገቱን ብቻውን ይወጣል። ስሙም የወጣው ድሮ ሰዎች የኤሌክትሪክ ወይም የማግኔት ኃይል ይስበዋል ብለው ስላመኑ ነው። ልኬቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። መንገዱ በየ86 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከፍ የሚለው ግን ለዓይን ዝቅ በሚመስለው በኩል ነው። በግራና በቀኝ ያለው ኮረብታ ሁሉ ከመንገዱ ይበልጥ ስለሚያዘነብል፣ አድማሱም ስለተሸፈነ፣ ዓይን መንገዱን የሚለካበት ቀጥ ያለ ነገር ያጣል። ከጎረቤቱ ጋር ያወዳድረዋል። ከጎረቤቱ ያነሰ ቁልቁለት ለዓይን ዳገት ነው።

ያ በካዲዎቹ አነጋገር ውስጥ የተደበቀው ሁለተኛው ግማሽ ነው። እኔ ያን ማለዳ ፊቴን ወደ እንጦጦ አድርጌ ስቆም፣ ከፊቴ ያለው አገር ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ግሪኑም ይወጣል፤ ግን ከአካባቢው ያነሰ ነው። ስለዚህ ሲወርድ ታየኝ። የቤታችሁን መታጠቢያ ክፍል አስቡት። ግንበኛው ሊሾውን በዓይኑ ገምቶ ከሠራው ውሃው ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ በሩ ሥር ይተኛል። ግድግዳው በስሱ ከተጣመመ ወለሉ ቀጥ ያለ ይመስላል። ዓይኑን የሚያምን ግንበኛ መጨረሻው ያው ነው፤ ዶማ ይዞ ተመልሶ ይመጣል።

ርቀትን በተመለከተም ዓይን እምነት የሚጣልበት አይደለም። በሎክ ሎሞንድ 5ኛው ቀዳዳ ላይ ከግሪኑ ጀርባ ሐይቁ ይዘረጋል። ከቀዳዳው ወዲያ ዛፍ ወይም ቤት ስለሌለ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል፤ ቀዳዳው ላይ የተተከለው ባንዲራ ቅርብ ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ የለመደ ሰው ደግሞ ሌላም ዕዳ አለበት። በእኛ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ኳስ ከባሕር ጠለል ይልቅ አሥር በመቶ ገደማ ትርቃለች። እዚህ 150 ሜትር የሚያሻግረው ምት እዚያ ዳር ላይ ወደ 135 ይወርዳል። ያ ጉድለት ኳስን ከግሪን ፊት ያለው አሸዋ ውስጥ ይጥላታል።

በዓይን ርቀት መገመት ምን ያህል እንደሚያጣላ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በዚሁ ሜዳ ላይ ተፈጽሟል። በ2000 የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች የሚፋለሙበት የሶልሃይም ዋንጫ ሎክ ሎሞንድ ላይ ነበር። ዝናብ ጨዋታውን አጓትቶት እሑድ ደርሷል። በ13ኛው ቀዳዳ ላይ ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም ከግሪኑ ውጭ ሆና የመታቻት ኳስ ቀጥ ብላ ቀዳዳ ገባች። ደስታው ሳይበርድ አሜሪካውያኑ ፓት ኸርስትና ኬሊ ሮቢንስ በእግራቸው ለኩና ሶረንስታም ያለ ተራዋ እንደመታች ታወቀ። በፊት ለፊት ግጥሚያ ሕግ ከቀዳዳው የራቀ ነው ቀድሞ የሚመታው። ሮቢንስ ትርቅ ነበር፤ ከመመታቱ በፊት ግን ለሁሉም ዓይን እኩል ይመስል ነበር። ተቃራኒ ቡድን ምቱ ይሰረዝ ማለት ይችላል፤ አሜሪካውያኑም ጠየቁ። ሶረንስታም ደገመችው፣ ሳተችውም። ዓይኗ በእንባ ተሞላ። አውሮፓ ያንን ጨዋታ ተሸነፈች፤ ዋንጫውን ግን 14½ ለ11½ ወሰደች። ስለዚያ ቀን ዛሬም ሲነሣ ስለ ጨዋነት ይከራከራሉ። እኔ ግን የሚገርመኝ ርምጃው ነው። ያን ያህል ዓይን በተሰበሰበበት ቦታ እውነቱን የተናገረው እግር ነው።

አሁን የቀረን «ተራራው ይገፋታል፣ ይስባታል» የሚለው ነው። ይህ ጨርሶ ተረት አይደለም። ተራራ በእርግጥ ይስባል፤ የተረጋገጠውም እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ ነው። በ1774፣ የሮስዱ ቤት በተሠራበት ሰሞን፣ የእንግሊዝ ንጉሥ የከዋክብት ሊቅ ኔቪል ማስከሊን ሺሃልየን ወደተባለ ተራራ ወጣ። ሺሃልየን 1,083 ሜትር ነው፤ ከሌሎች ተነጥሎ ስለቆመና ቅርጹ ለመለካት ስለሚመች የተመረጠ ነው። የሙከራው እምብርት ማንም ግንበኛ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቱንቢ። የኒውተን ሐሳብ እውነት ከሆነ ተራራው በክብደቱ መጠን የቱንቢውን ገመድ ወደ ራሱ በትንሹ ማዘንበል አለበት።

በተራራው ደቡብና ሰሜን ሁለት ማያ ጎጆ ሠርቶ፣ ደመናና ዝናብ እየተፈራረቀበት፣ ከዋክብትን መነሻ አድርጎ ገመዱ የሚጠቁመውን «ታች» ለካ። በሁለቱ ወገን ያለው ልዩነት 11.6 የዲግሪ ሰከንድ ሆነ። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን ከስድስት ሰከንድ በታች ነው የተሳበው። ቻርልስ ኸተን የተባለው የሒሳብ ሰው ያንን ይዞ የምድርን አማካይ እፍግታ አሰላ፤ ከውሃ አራት ጊዜ ተኩል እንደሚበልጥ አገኘ። ዛሬ የምናውቀው አምስት ተኩል ነው፤ ለቱንቢና ለደመና ሰማይ አይናቅም። ኸተን የተራራውን ቅርጽ ሲያሰላ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር አገናኘ፤ ይህን ዘዴ ከተጠቀሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ታላላቅ ተጫዋቾች እስከ 2021 ድረስ በኪሳቸው ይይዙት በነበረው የግሪን ካርታ ላይ የሚታዩት መስመሮች የእነዚያ ልጆች ናቸው።

ወደ ጎልፍ እናምጣው። ስድስት ሰከንድ በማይሞላ ዘንበል ላይ አሥር ሜትር የምትንከባለል ኳስ የሚገጥማት የከፍታ ልዩነት ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከጥፍር ውፍረት ያነሰ ነው፤ የተከረከመው ሣር ራሱ አሥር እጥፍ ይበልጠዋል። ግን ነገሩ ከዚያም ይብሳል፤ ያ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ ለኳሷ አይደርሳትም። ተራራው የሚስበው ኳሷን ብቻ አይደለምና። የግንበኛውን ቱንቢ ይስባል፣ ግሪኑ ሲሠራ የተለካበትን ውሃ ይስባል፣ ሐይቁንም ይስባል። የሐይቁ ገጽ ሁልጊዜ ለቱንቢው ገመድ ቀጤ ነክ ሆኖ ይተኛል፤ ገመዱ ከዘነበለ ውሃውም አብሮ ይዘነብላል። ስለዚህ ውሃ ላይ ተመዝኖ «ቀጥ ያለ» የተባለ ነገር ሁሉ ተራራውን ቀድሞ ቆጥሮታል። ኳስ ተራራውን ለብቻው የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ለዚህ ነው በአማርኛ ቀጥ ያለን ነገር «ውሃ ልክ» የምንለው። የግንባታ ሰው ቃል ነው፤ ሌላ ልክ አይፈልግም። ሎክ ሎሞንድ ዳር ለቆመ ተጫዋች ከቀረበለት ዕይታ ሁሉ የማይዋሸው ያ ጠፍጣፋ ውሃ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ ዳርቻው ከአንተ እየራቀ ገደም ብሎ ሲሄድ የዘነበለ መስሎ ይታያል። ዳርቻ መሬት ነው፣ ውሃ አይደለም። ቀጥታ ከማዶ ያለውን የውሃ መስመር ነው ማየት።

ብዙ ተጫዋቾች ፓተራቸውን፣ ግሪን ላይ የሚመቱበትን ዱላ፣ በሁለት ጣት አንጠልጥለው አንድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አይታችሁ ይሆናል። ሳያውቁት ማስከሊንን እየደገሙ ነው፤ ዱላዋ ቱንቢ ናት። ችግሩ ቱንቢ «ታች» የት እንደሆነ ይነግራል እንጂ ኳስህ ሥር ያለው መሬት ስንት እንደዘነበለ አይነግርም። አሁን አሁን ኤምፖይንት የሚባል ዘዴ በታላላቆቹ ዘንድ ተስፋፍቷል። ተጫዋቹ በኳሷ መንገድ ላይ እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆምና ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንደበዛ ያዳምጣል። የሰው ልጅ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ከጆሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽም እኮ ውሃ ልክ ነው። ተራራ አያይም፣ ዛፍ አያይም።

ካዲዬ ስለ ኤምፖይንትም ሆነ ስለ ማስከሊን የሰማው ነገር የለም። ያን ማለዳ ሁለተኛው ግሪን ላይ ስንደርስ እንጦጦ በግራዬ ነበር፤ ኳሷ ከቀዳዳው ሦስት ሜትር። አቀርቅሬ መሬቱን ሳጠና ቀጥ ያለ መሰለኝ። ነገርኩት። እሱ መልስ አልሰጠኝም፤ በእኔና በቀዳዳው መሃል ሄዶ ቆመ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ከዚያ፣

«ጋሼ፣ እዚህ ይቁሙ። ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለኝ።

ጨፈንኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የቀኝ እግሬ ተረከዝ ከግራው በለጥ ብሎ ሲጫን ተሰማኝ፤ በጣም በስሱ፣ ጀልባ ላይ እንደመቆም።

«ወደ ቀኝ» አልኩት።

«አቃቂ» አለ።

ከቀዳዳው በስተግራ አንድ ጫማ ያህል አልሜ መታኋት። ኳሷ ትንሽ በቀጥታ ሄደች፣ ከዚያ እንደ ውሃ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ዞረችና አንድ ክንድ አልፋ ቆመች።

«መንገዱ ልክ ነበር፣ ጋሼ» አለ ኳሷን ሊያነሣልኝ እየሄደ። «ጉልበቱ ነው የበዛው።»